የሐኪሙ ስምና የሐኪሙ ደቂቃ፤ በእንግሊዝ አገር የሕክምና ሠራተኞች የኮምፒዩተር መታወቂያ እንዴት እንደ ተጀመረና ለምን ከእጅ ወደ እጅ እንደ ዞረ

የመታወቂያ ካርድ ነገር ለታሪክ ተማሪ እምብዛም የሚያጓጓ አይመስልም። ሆኖም ማኅተም የታሪክ ምንጭ መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። በአንድ ደብዳቤ ላይ የአንድ ሹም ማኅተም ሲገኝ «ይህን ያዘዘው እርሱ ነው» ብለን እናምናለን፤ ማኅተሙ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በብዙ ሰው እጅ ይዞር እንደ ነበረ ከታወቀ ግን በዚያ ማኅተም የታተመው ደብዳቤ ሁሉ ያጠራጥረናል። ዛሬ በሐኪም ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የሚጻፈው የበሽተኛ ማኅደርም እንደዚሁ ነው። ማን እንደ ከፈተው፣ ማን መድኃኒት እንዳዘዘ፣ ማን እንዳረመው የሚመሰክረው የሠራተኛው ዲጂታል መታወቂያ ነው። መታወቂያው በብዙ እጅ ከዞረ ምስክሩ ሐሰተኛ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ለመመርመር ያሰብነው፣ በእንግሊዝ አገር ከ1996 እስከ 2020 ባለው ጊዜ የሕክምና ሠራተኞች መታወቂያ እንዴት እንደ ተወለደ፣ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደ ገጠመውና በመጨረሻም በምን መንገድ እንደ ተሻሻለ ነው። ለማነጻጸርም የጀርመንንና የኤስቶኒያን ታሪክ በአጭሩ እናክልበታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እንለምናለን።

ሀ፤ ከካርዱ በፊት የነበረው ሁኔታ

ማኅደሩ ወረቀት በነበረበት ዘመን ጥበቃው ከሥራው ጋራ አብሮ የተሠራ ነበር። ወረቀቱ የሚገኘው በበሽተኛው አልጋ ግርጌ ወይም በተዘጋ መዝገብ ቤት ነው፤ ሊያየው የሚችለውም ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ብቻ ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሐኪም አስታማሚዎቹ በመልኩ ያውቁታል። የጻፈውም በእጅ ጽሑፉና በፊርማው ይታወቃል። ይህ ጥበቃ ፍጹም ነበር ለማለት አይቻልም፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ሁሉ እንደ ሐኪም ሊታይ ይችል ነበርና። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ማንነትን ማረጋገጥ ለሠራተኛው ከሥራው የተለየ ተጨማሪ ድካም አልነበረም። ሲፈርም ሥራውን ይፈጽማል፤ ሥራውን ሲፈጽምም ማንነቱን ይመሰክራል።

ማኅደሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ይህ አንድነት ተለያየ። አንድ ማኅደር በአንድ ጊዜ ከብዙ ከተሞች ሊነበብ ስለሚችል፣ በመልክ መተዋወቅ ጥበቃ መሆኑ ቀረ። ይህን አስቀድሞ ከተገነዘቡት ሰዎች አንዱ የካምብሪጁ የኮምፒዩተር ሊቅ ሮስ አንደርሰን ነበር። በ1996 ለእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ባዘጋጀው የጥበቃ ደንብ፣ እያንዳንዱ ማኅደር ሊያነቡትና ሊጽፉበት የተፈቀደላቸውን ሰዎች የሚዘረዝር መዝገብ እንዲኖረው፣ ማን እንደ ገባም እንዲጻፍ አሳሰበ። በ1997 ደግሞ በዴም ፊዮና ካልዲኮት ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ ስድስት መሠረታዊ ደንቦችን አወጣ። ከእነዚህም አንዱ፣ የበሽተኛን ምሥጢር ማየት የሚገባው ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው የሚል ነበር።

እነዚህ ሁለት ጽሑፎች ስለ ምሥጢር ያነሡት ሐሳብ ትክክል ነበር። ደንቡን በሥራ ላይ ለማዋል ግን መጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ በየጊዜው ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ማወቅ ለሠራተኛው ስንት ደቂቃ ያስወጣዋል የሚለው ጥያቄ ገና ወደ መድረክ አልወጣም ነበር።

ለ፤ የካርዱ ልደት

በ2002 የእንግሊዝ መንግሥት የብሔራዊ የጤና አገልግሎቱን መዝገብ በሙሉ በኮምፒዩተር ለማገናኘት ታላቅ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ ለመረዳት፣ የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2006 ጠቅላላ ወጪውን 12.4 ቢሊዮን ፓውንድ አድርጎ መገመቱን ማስታወስ ይበቃል። በዚህ ዕቅድ መሠረት የበሽተኞች ዝርዝር በአንድ ማዕከላዊ ሥርዐት እንዲሰበሰብ ተወሰነ፤ ሥርዐቱንም «አከርካሪ» ብለው ሰየሙት። ወደ አከርካሪው ለመግባት የተመረጠው መንገድ ስማርት ካርድ ነበር።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ካርዱ የባለቤቱን ፎቶግራፍና ስም የያዘ ሲሆን በውስጡ ትንሽ ቺፕ አለበት። ሠራተኛው ካርዱን ለማግኘት በምዝገባ ሹሞች ፊት በአካል ቀርቦ ማንነቱንና አድራሻውን የሚያስረዱ ሰነዶችን ያሳያል፤ ካርዱን ለሌላ ሰው እንደማይሰጥም ቃል ይገባል። ከዚያ በኋላ ካርዱን በማንበቢያው ውስጥ አስገብቶ የምሥጢር ቍጥሩን ሲጽፍ ሥርዐቱ ያውቀዋል፤ የሥራ ድርሻውንም አይቶ የሚገባውን ያህል ብቻ ይከፍትለታል። የቀጠሮ ጸሐፊ የሚያየውና ሐኪም የሚያየው አንድ አይደለም። ካርዱ ሲነቀል ሥራው ይዘጋል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሥርዐት እንከን የለውም ለማለት ይቻላል። ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በእጅ ያለ ነገርና በአእምሮ ያለ ቍጥር። ካርዱ ቢሰረቅ ቍጥሩ የለም፤ ቍጥሩ ቢታወቅ ካርዱ የለም። ዳሩ ግን ይህ ስሌት የተሠራው አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እንደሚውል በማሰብ ይመስላል። ለባንክ ጸሐፊ ይህ እውነት ነው። ሐኪምና አስታማሚ ግን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዘዋወሩ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ በቦታው ይቆያል፤ ሰውየው ይሄዳል፤ ሌላው ይመጣል።

ሐ፤ ካርዱ በድንገተኛ ክፍል

ካርዱ ከሥራው ጋራ የተጋጨበት ታዋቂ ምሳሌ የተገኘው በደቡብ ዎሪክሺር ጠቅላላ ሐኪም ቤቶች ነው። በ2007 መጀመሪያ ላይ በጋዜጣ እንደ ተገለጠው፣ የእነዚህ ሐኪም ቤቶች ቦርድ በድንገተኛ ክፍል ያሉ ሠራተኞች በአንድ ካርድ በጋራ እንዲሠሩ ፈቀደ። የተሰጠውም ምክንያት እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ካርድ ለመግባት ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ይፈጅበታል የሚል ነበር። የካርዱ ደንብ ግን በጋራ መጠቀምን ፈጽሞ የሚከለክል ነበርና ነገሩ ብዙ ክርክር አስነሣ።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን ጥቂት ሒሳብ ብንሠራ መልካም ነው። አንድ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በአንድ ተረኛነቱ 40 ጊዜ ኮምፒዩተር ይከፍታል እንበል። ለእያንዳንዱ 90 ሴኮንድ ቢጠብቅ 3,600 ሴኮንድ፣ ይኸውም አንድ ሙሉ ሰዓት፣ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ከበሽተኛው ላይ ቢወሰድ ማን ይከፍለዋል? ሐኪሙ በአንድ ወገን የምሥጢር ግዴታ አለበት፤ በሌላ ወገን የማዳን ግዴታ አለበት። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ደም ከሚፈሰው በሽተኛ ፊት ቆሞ ኮምፒዩተር የሚጠብቅ ሐኪም አይገኝም፤ ቢገኝም ማንም አያመሰግነውም።

የቦርዱ ውሳኔ ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። ስድስት ሰዎች በአንድ ካርድ ሲሠሩ፣ ስድስቱ የሠሩት ሁሉ በአንድ ሰው ስም ይጻፋል። የመድኃኒት ስሕተት ቢገኝ መዝገቡ የሚጠቁመው የካርዱን ባለቤት ነው፤ እርሱም በዚያ ሰዓት በሌላ አልጋ አጠገብ ሊሆን ይችላል። የአንድ ታዋቂ ሰው ማኅደር ያለ ምክንያት ቢከፈትም ማን እንደ ከፈተው ለማወቅ አይቻልም። እንግዲህ በደንቡ መሠረት ጥበቃው የተሠራው ለበሽተኛው ነበር፤ ደንቡ በመክበዱ ምክንያት ግን በሽተኛው ጥበቃውን፣ ሐኪሙም የገዛ ስሙን አጡ።

መ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች ነገሩ የሥነ ሥርዐት ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱም ቅጣት ነው ይሉ ነበር። ይህ አስተያየት ቀላል ባይሆንም ከሌሎች አገሮች የተገኘው ማስረጃ አይደግፈውም።

በ2017 በታተመ አንድ ጥናት 299 የሕክምና ባለሙያዎችና ተማሪዎች ተጠይቀው፣ ከመቶ 73.6 የሚሆኑት የሌላ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ተጠቅመው እንደሚያውቁ መለሱ። ከተጠየቁት ውስጥ በልምምድ ላይ ያሉት ሐኪሞች አንድ ሳይቀር «አዎን» ብለዋል። ከአስታማሚዎቹ «አዎን» ያሉት ከመቶ 57.5 ነበሩ። ጥቂት ሰዎች ደንብ ቢጥሱ ጥፋቱን በሰዎቹ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ በአንድ የሥራ ክፍል ያሉት ሁሉ ሲጥሱት ግን መመርመር የሚገባው ደንቡ ነው። ለማጅ ሐኪም ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወር፣ ሌሊት የሚያድር፣ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ከሥራው ዘግይቶ የሚደርስለት ሰው መሆኑን ስናስብ የቍጥሩ ምሥጢር ይገለጥልናል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ ሮስ ኮፕልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የተመለከቱትን ጽፈው ነበር። ሰው ከኮምፒዩተሩ ሲርቅ ሥራውን ራሱ እንዲዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ በተተከለበት ቦታ፣ ሠራተኞቹ መሣሪያውን በፎም ኩባያ ይከድኑት ነበር። በሌላም ቦታ ኮምፒዩተሮቹ እንዳይዘጉ ከቡድኑ ታናሽ የሆነው ሐኪም እየዞረ የሁሉንም ቁልፍ ሰሌዳ እንዲነካ ታዝዞ ነበር። «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» የሚለው የአገራችን አባባል ለዚህ ይስማማል። እነዚህ ሰዎች ምሥጢርን የናቁ አይደሉም፤ መሣሪያው የእነርሱን አሠራር ስላላወቀ እነርሱ መሣሪያውን እንዳያውቃቸው ከለሉት እንጂ።

ሠ፤ የአስተያየት ለውጥ

በ2011 መንግሥት ታላቁን ዕቅድ ለማፍረስ መወሰኑን አስታወቀ። አከርካሪውና ካርዱ ግን አልፈረሱም፤ ከዕቅዱ ውድቀት በኋላም በሥራ ላይ ቆዩ። በ2013 ዴም ካልዲኮት ደንቦቹን እንደ ገና መርምረው ሰባተኛ ደንብ ጨመሩ። እርሱም፣ ለበሽተኛው ጥቅም መረጃን ማካፈል ምሥጢርን ከመጠበቅ ጋራ እኩል ክብደት ሊኖረው ይችላል የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ለታሪኩ ትልቅ ምዕራፍ ነው። በ1997 ስድስቱ ደንቦች በር ለመዝጋት የተጻፉ ነበሩ፤ በ2013 ግን በሩ ለሚገባው ሰው በጊዜው አለመከፈቱም ጉዳት መሆኑ በደንብ ታወቀ።

ሆኖም ደንብ መታወጁ ብቻ ደቂቃውን አላሳጠረውም። በጥር ወር 2020 የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ለዚሁ ጉዳይ 40 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመደብ አስታወቁ። በዚያን ጊዜ እንደ ተገለጠው፣ አንድ ሠራተኛ በአንድ ተረኛነት እስከ 15 ወደሚደርሱ የተለያዩ ሥርዐቶች ለመግባት ይገደድ ነበር። ለምሳሌ የቀረበው በሊቨርፑል የሚገኘው ኦልደር ሄይ የሕፃናት ሐኪም ቤት ነው። በዚያ ሐኪም ቤት አንድ ጊዜ ማንነትን አረጋግጦ ወደ ሁሉም ሥርዐቶች መግባት እንዲቻል ስለ ተደረገ፣ 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው በ10 ሴኮንድ ተፈጸመ። በቀን ወደ 5,000 የሚጠጋ መግባት ስለ ነበረ፣ የተረፈው ጊዜ በየቀኑ ከ130 ሰዓት በላይ ሆነ። ቍጥሩን ራሳችን ብናሰላው፣ 95 ሴኮንድ በ5,000 ሲባዛ 475,000 ሴኮንድ፣ ይኸውም 132 ሰዓት ያህል ይሆናልና ይስማማል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። በኦልደር ሄይ የተቀነሰው ጥበቃው አይደለም፤ ተደጋጋሚነቱ ነው። ማኅደሩ እንደ ቀድሞው በሠራተኛው ስም ይከፈታል፤ መዝገቡም ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ በብሔራዊ አገልግሎቱ ከካርዱ ሌላ በትንንሽ የጥበቃ ቁልፎችና በጣት አሻራ ወይም በመልክ በሚከፈቱ መሣሪያዎች ማንነትን ማረጋገጥ ተፈቀደ። በዚሁ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ደግሞ፣ ሠራተኞች ከአንድ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው በፍጥነት እንዲዛወሩ ማስረጃቸውን በስልካቸው የሚይዙበት ዲጂታል የሠራተኞች ፓስፖርት ተሠራ። እስከዚያን ጊዜ ሐኪሙ በተዛወረ ቍጥር የተመረመረው ማንነቱ እንደ ገና ይመረመር ነበርና፣ ይህ ሌላ የጊዜ ብክነት መሆኑን ወረርሽኙ ገለጠው።

ረ፤ የጀርመንና የኤስቶኒያ ማነጻጸሪያ

በጀርመን አገር በ2003 የወጣው ሕግ የኤሌክትሮኒክ የጤና ካርድ በ2006 መጀመሪያ በሥራ ላይ እንዲውል አዝዞ ነበር። ነገር ግን በሕክምና መድን ካርድነት የግድ የሆነው በ2015 ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ የራሳቸው የሙያ ካርድ አላቸው፤ በእርሱም የሚፈርሙት ፊርማ በሕግ ፊት ከእጅ ፊርማ ጋራ እኩል ነው። ዳሩ ግን ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ማዘዣ የምሥጢር ቍጥር መጻፍ ሥራ የሚያስፈታ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም «የምቾት ፊርማ» የሚባል አሠራር ተፈቀደ፤ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ቍጥሩን ከጻፈ፣ ካርዱ በማንበቢያው ውስጥ እንዳለ በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 250 ፊርማ ሊፈርም ይችላል። በጥር 2024 ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ግዴታ ሲሆን ሥራው ሊካሄድ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ኤስቶኒያ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። ከ2002 ጀምሮ ለዜጋው ሁሉ በሰጠችው ብሔራዊ መታወቂያ ሐኪሙም ይሠራበታል፤ በ2010 የተጀመረው ኤሌክትሮኒክ ማዘዣም በእርሱ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ግብሩን የሚከፍልበትና ድምፅ የሚሰጥበት ካርድ ይኸው ስለሆነ ለሌላ ሰው ለማዋስ አይደፍርም። ይህ ብልኅነት ነው፤ ነገር ግን አደጋ አለበት። በ2017 በቺፑ ውስጥ ጉድለት በመገኘቱ ከ750,000 የሚበልጡ ካርዶች ማስረጃ በኅዳር ወር መጀመሪያ ታገደ። እስኪታደስም ድረስ ለሐኪሞች ቅድሚያ መስጠት ግድ ሆነ። አንድ ካርድ ሁሉን ሲሸከም፣ በወደቀም ጊዜ ሁሉን ይዞ ይወድቃል።

ሰ፤ መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን ታሪክ ሰብሰብ አድርገን ስናየው ሦስት ነገሮች ይገለጣሉ።

አንደኛ፣ ሠራተኛው የሚገለገልበት መታወቂያ የሥራውን ዜማ የሚከተል ነው። በ2007ቱ የድንገተኛ ክፍልና በ2020ው የሕፃናት ሐኪም ቤት መካከል ያለው ልዩነት የሠራተኞቹ ጠባይ ሳይሆን የሴኮንዶች ጕዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥበቃና ፍጥነት ጠላቶች ናቸው የሚለው አስተሳሰብ በታሪክ አልጸናም። ጥበቃው ሲከብድ ካርዱ በጋራ ሆነ፤ በጋራ በመሆኑም ጥበቃ ጠፋ። ፍጥነቱ ሲገኝ ግን ሰው ሁሉ በየስሙ ገባ። ይሁን እንጂ ፍጥነትም ልክ አለው። 250 ፊርማ የሚያስፈርም ካርድ በማንበቢያው ውስጥ ተረስቶ ቢቀር፣ ባለቤቱ በሌለበት ስሙ ሊፈርም ይችላል። ስለዚህ ማቅለል የሚገባው የሐቀኛውን ሰው ድካም እንጂ የመርማሪውን ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መለካት ይገባ የነበረው ነገር አልተለካም። ስንት ካርድ እንደ ታደለ ብቻ ቢቈጠር ዕቅዱ የተሳካ ይመስላል። ስንቱ በባለቤቱ እጅ እንደ ዋለና እያንዳንዱ መግባት ስንት ሴኮንድ እንደ ፈጀ መቍጠር ግን እውነቱን ይነግራል።

ይህ ጥናት ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይቀርም። በአገራችን በ2023 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ወጥቶ፣ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ለሕዝቡ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የሐኪም ቤት ማኅደር በእርሱ ላይ ይቁም ወይስ የሙያ ካርድ ለብቻው ይኑር የሚለው ጥያቄ ከኤስቶኒያና ከጀርመን ጋራ አንድ ዐይነት ነው። መልሱን የሚሰጡት ዛሬ በየኮሌጁ ሕክምናን፣ ሕግንና የኮምፒዩተርን ትምህርት የሚከታተሉት ጓደኞቻችን ናቸው። እነርሱን የምንመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቅዱን ከመንደፋቸው በፊት በአንድ የድንገተኛ ክፍል ሙሉ ሌሊት ቆመው ተረኛዋ አስታማሚ ስንት ጊዜ ከኮምፒዩተሩ እንደምትነሣና እንደምትመለስ ይቍጠሩ። መታወቂያው መሠራት የሚገባው በዚያ ቍጥር ልክ ነው።